በዋልካ መሬት ላይ ዩሪያ ስንጨምር ጤፉ ለምን አልጨመረም?

የቢቸናው (ጥያቄ)

ጤና ይስጥልኝ። የምጠይቀው በምሥራቅ ጎጃም፣ በቢቸና አካባቢ አባቴ በዋልካ (ውሃ በሚይዘው ጥቁር ሸክላ) መሬት ላይ ስለሚዘሩት ጤፍ ነው። እኔ የምኖረው ባሕር ዳር ሲሆን ኑሮዬም በቢሮ ሥራ ነው፤ ይሁን እንጂ የማዳበሪያውን ገንዘብ በየዓመቱ የምልከው እኔ ስለሆንኩ የማሳው ጉዳይ ከአባቴ ባልተናነሰ ያሳስበኛል። ማሳው አራት ቃዳ፣ ማለትም አንድ ሄክታር ነው። ከላይኛው ጫፍ ጀምሮ ወደ ወንዙ ቀስ እያለ ይዘቀዝቃል፤ የታችኛው ቃዳ በነሐሴ ውሃ ይተኛበታል።

ካቻምና አባቴ አንድ ኩንታል ኤን ፒ ኤስ (ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ሰልፈር ያለበት ማዳበሪያ) እና አንድ ኩንታል ዩሪያ በዘሩበት ዕለት አንድ ላይ በተኑት። ቡቃያው ደኅና ወጣ፤ ነገር ግን ነሐሴ ሲገባ ዝናቡ ሳያቋርጥ ስለወረደ የማሳው ግማሽ ቢጫ ሆነ፤ በአውድማ ላይ የተገኘውም 9 ኩንታል ብቻ ነበር። ዓምና ደግሞ «ማዳበሪያው አንሶ ነው» ተባለና ዩሪያው ሁለት ኩንታል እንዲሆን ተደረገ። ግማሹ በዘር ጊዜ፣ ግማሹ በመስከረም መጀመሪያ ተበተነ። ጤፉ ወደ ጥቁርነት የሚያደላ አረንጓዴ ሆኖ ወገብ ድረስ ስለደረሰ ለእንቁጣጣሽ ስሄድ ፎቶግራፍ አንሥቼው ነበር። በወሩ መጨረሻ አንድ ሌሊት ነፋስ ከዝናብ ጋር መጣና ሁሉንም አስተኛው። ጋሽቦ ቀረ። 11 ኩንታል ተወቃ፤ ፍሬው ግን ቀጭን ስለነበር በገበያ ዋጋ አላወጣም። ከእኛ ከፍ ብሎ ያለው ጎረቤታችን በግማሽ ማዳበሪያ 16 ኩንታል አግኝቷል።

አባቴ «መሬቱ ማዳበሪያ ለምዷል፤ እንደ ሰካራም ካልጨመሩለት አይነሣም» ይላሉ። የልማት ጣቢያው ሠራተኛ መጠኑን ብቻ ነግሮን ሄዷል። እኔ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው፦ ቢጫ የሆነው በእርግጥ ናይትሮጅን አንሶት ነው ወይስ ሌላ ምክንያት አለው? ዘንድሮ ዩሪያውን መቼና ምን ያህል ብንሰጥ ነው ገንዘባችን ፍሬ የሚሆነው? ልምድ ያላችሁ ብትመልሱልኝ አመሰግናለሁ።

የምንጃሩ (መልስ)

ወንድሜ፣ እኛም በዋልካ ላይ ነው ያደግነው፤ አንድ ነገር ልንገርህ። ስለ ዩሪያው ከማውራትህ በፊት ውሃውን አውጣው። ውሃ በተኛበት ቃዳ ላይ ዩሪያ መበተን በተቀደደ ስልቻ እህል እንደመስፈር ነው። እኛ ዘንድ ጤፉን ከመዝራታችን በፊት በበሬ ቦይ እናወጣለን፤ ቦዩንም እንደ ማሳው አቀማመጥ አግድም አስይዘን ወደ ዳር እንወስደዋለን። በቀጥታ ወደ ታች የወረደ ቦይ አፈሩን ጠርጎ ይሄዳል፤ በአንድ ክረምት ገደል ሲሆን አይቻለሁ። በእነዋሪ በኩል ደግሞ ቤተሰቡ በሙሉ ወጥቶ ውሃው እንዲወርድ ከፍ ያለ የዘር መደብ በእጁ ሲሠራ ታያለህ፤ ይህን ያህል የሚደክሙት ምክንያት ስላላቸው ነው።

ስለ መጋሸቡ አባትህን አልወቅሳቸውም። ወገብ የደረሰ ጤፍ ሲያዩ የማይደሰት ገበሬ የለም። ነገር ግን ጤፍ ገና በመስከረም አጋማሽ እንዲህ ከጠቆረና ከረዘመ እኛ ዘንድ ሽማግሌዎቹ «ይህ ለበሬ ነው» ይላሉ፤ ጭዱ እንጂ ፍሬው አያምርም ማለታቸው ነው።

አፈርና ሰብል (መልስ)

ጠያቂው ዝርዝሩን በሚገባ ስላቀረቡት መልሱም ዝርዝር ሊሆን ይገባዋል፤ በሙያዬ የሰብል ባለሙያ ነኝ፣ በደብረ ዘይት አካባቢም በጤፍ ማሳ ላይ ዓመታት አሳልፌያለሁ። ወንድማችን የምንጃሩ ስለ ውሃው የተናገሩት ትክክል ነው፤ እኔ ምክንያቱን እጨምርበታለሁ።

በመጀመሪያ ሒሳቡን እንመልከት። ዩሪያ ከክብደቱ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ ኤን ፒ ኤስ ደግሞ 19 በመቶ ናይትሮጅን ይዟል። ስለዚህ ካቻምና ለአንዱ ሄክታር የሰጣችሁት 65 ኪሎ፣ ዓምና የሰጣችሁት ደግሞ 111 ኪሎ ናይትሮጅን ነው። ለጤፍ በዋልካ መሬት ለረጅም ጊዜ ሲመከር የኖረው 60 ኪሎ ገደማ፣ በቀላል አፈር ላይ ደግሞ 40 ኪሎ ገደማ ነው። እንግዲህ ካቻምና መጠኑ አላነሰም ነበር፤ ዓምና ደግሞ ወደ እጥፍ ቀርቧል። በሌላ በኩል ሰብሉ ራሱ ምን ያህል እንደሚወስድ እንገምት፦ የጤፍ ፍሬ ፕሮቲን ወደ 10 በመቶ ገደማ ነው፤ ፕሮቲኑን ለ6.25 ብናካፍለው የናይትሮጅኑ ድርሻ 1.6 በመቶ ይሆናል። 20 ኩንታል ፍሬ ብታገኙ እንኳ በፍሬው ውስጥ ከማሳው የሚወጣው ወደ 32 ኪሎ ናይትሮጅን ነው፤ በጭዱ ውስጥ ያለው ይጨመርበታል። ከተሰጠው 111 ኪሎ ብዙው የት ሄደ? ጥያቄው መሆን ያለበት ይህ ነው።

የመጀመሪያው መውጫ አየር ነው። ዩሪያ መሬት ላይ ወድቆ እርጥበት ሲያገኝ በአፈሩ ውስጥ ባለው ዩሪየስ በሚባለው ኤንዛይም አማካይነት በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ አሞኒያ ይለወጣል። ይህ ለውጥ በአፈሩ ውስጥ ከተካሄደ ሸክላው አሞኒየሙን አጥብቆ ይይዘዋል፤ በላዩ ላይ ከተካሄደ ግን፣ በተለይ ዋልካው እንደብዙዎቹ ወደ አልካላይነት (የኮምጣጣነት ተቃራኒ) የሚያደላ ከሆነና ቀኑ ሞቃት ከሆነ፣ አሞኒያው ይተናል። በዝናብ የራሰ ማሳ ላይ ዩሪያ ተበትኖ ከዚያ በኋላ ሁለት ሦስት ቀን ፀሐይ ሲወጣ፣ በማለዳ ማሳው ዳር ቆመው አፍንጫዎን የሚቆጠቁጥ ሽታ ካሸተቱ የሸተተዎት ገንዘብዎ ነው።

ሁለተኛው መውጫ ያ በነሐሴ የሚተኛው ውሃ ነው። አሞኒየሙ ከጊዜ በኋላ በባክቴሪያዎች አማካይነት ወደ ናይትሬት ይለወጣል። አፈሩ በውሃ ሲሞላና አየር ሲያጣ ሌሎች ባክቴሪያዎች ለመተንፈስ የሚያስፈልጋቸውን ኦክስጅን ከናይትሬቱ ላይ ይነጥቃሉ፤ የቀረው ናይትሮጅን ጋዝ ሆኖ ወደ ሰማይ ይመለሳል። ለዚህ ጥቂት ቀናት ይበቃሉ። በዘር ዕለት ሁሉንም መስጠት የሚጎዳው በዚህ ምክንያት ነው፦ በሐምሌ መጨረሻ ቡቃያው ገና የጣት ርዝመት ሳይሞላ ሥሩ ሊወስድ የሚችለው ከተሰጠው ትንሹን ነው፤ የቀረው በማሳው ውስጥ ተቀምጦ የነሐሴን ውሃ ይጠብቃል።

ስለ ቢጫነቱ፦ ናይትሮጅን በተክሉ ውስጥ ከአሮጌው ቅጠል ወደ አዲሱ ስለሚሄድ፣ ሲያንስ ቢጫ የሚሆነው በቅድሚያ የታችኛው ቅጠል ነው፤ ቢጫውም ከጫፉ ተነሥቶ በመካከለኛው ጅማት በኩል ወደ ውስጥ ይገባል። ቢጫው በላይኛው በአዲሱ ቅጠል ላይ ከሆነ ግን ሰልፈር ወይም ሌላ ንጥረ ነገር እንጂ ናይትሮጅን አይደለም፤ በዚያ ላይ ዩሪያ መጨመር ትርፉ ድካም ነው። ተክሉ በሙሉ ከደበዘዘ አንድ ነቅለው ሥሩን ይዩት። ሥሩ ነጭ መሆኑ ቀርቶ ቡናማ ከሆነና ረግረግ ረግረግ ከሸተተ ያነቀው ውሃ ነው። ካቻምና በእናንተ ማሳ ላይ ሁለቱም እንደተከሰቱ እገምታለሁ፤ ውሃው ሥሩን አነቀው፣ ናይትሮጅኑንም ወሰደው። ጎረቤታችሁ በግማሽ ማዳበሪያ የበለጣችሁ መሬቱ ከፍ ስላለ ውሃው ስለሚወርድለት ሊሆን ይችላል፤ ከእርሱ መሬት የወረደ አፈርም እናንተ ዘንድ ስለሚከማች፣ ውሃው ከተወገደላችሁ የእናንተ ማሳ የተሻለ ሊሰጥ የማይችልበት ምክንያት የለም።

አሁን ወደ ዘንድሮው። እኔ ብሆን በዘር ዕለት ኤን ፒ ኤሱን ብቻ እሰጥ ነበር፤ በውስጡ ያለው 19 ኪሎ ናይትሮጅን ለቡቃያው ይበቃዋል። ብዙ ባልደረቦቼ ከዩሪያው ሲሶውን በዘር ጊዜ፣ ሁለት ሦስተኛውን በኋላ እንዲሰጥ ይመክራሉ፤ ውሃ በማይተኛበት መሬት እኔም እስማማለሁ፣ በእናንተ የታችኛው ቃዳ ላይ ግን አልስማማም። 60 ኪሎ ለመሙላት የሚቀረው 41 ኪሎ ናይትሮጅን ነው፤ ይህም 90 ኪሎ ያህል ዩሪያ ይሆናል። ለአንድ ቃዳ ሲከፈል 22 ኪሎ ተኩል፣ ከባለ 50 ኪሎው ከረጢት ግማሽ ጥቂት ጎደል ማለት ነው። እርሱንም ሁለት ጊዜ ይስጡት፤ አንዱን ግማሽ የመጀመሪያው አረም እንደተነቀለ፣ ሌላውን ከአንድ ሥር ብዙ ዘንግ አውጥቶ ግንዱ መርዘም ሊጀምር ሲል። ከአረሙ በፊት የሚሰጥ ዩሪያ የሚቀልበው አረሙን ነው። ማዘርዘር ከጀመረ በኋላ ደግሞ እጅዎን ይሰብስቡ።

የሚበተንበት ሰዓትም ቁም ነገር አለው። ጤዛ ባለበት ማለዳ ከተበተነ የዩሪያው ፍሬ በቅጠሉ ላይ ተጣብቆ ያቃጥለዋል። ጤዛው ደርቆ፣ አፈሩ እርጥብ ሆኖ፣ ከሰዓት በኋላ ለስለስ ያለ ዝናብ በሚጠበቅበት ቀን ረፋድ ላይ መበተን ነው፤ ዝናቡ የሟሟውን ዩሪያ ወደ ሥር ያስገባዋል። ሰማዩ ጠቁሮ ዶፍ ሊወርድ ሲል አይበትኑ፤ ያልተለወጠ ዩሪያ በውሃ በቀላሉ ይታጠባልና ጎርፉ ወደ ወንዙ ይዞት ይወርዳል።

አበታተኑን በተመለከተ አንድ ትንሽ ዘዴ ልንገርዎ። በእያንዳንዱ ዙር 45 ኪሎ ለሄክታር ከሆነ፣ አሥር ሜትር በአሥር ሜትር ለሆነ ቦታ የሚደርሰው 450 ግራም ነው። ሱቅ ሄደው በሚዛን 450 ግራም ያስመዝኑና በቤት ውስጥ ባለ ጣሳ ላይ የት እንደሚደርስ በምስማር ጭረው ምልክት ያድርጉበት። አሥር በአሥር የሆነውን ቦታ በገመድ ከልለው ጣሳውን ለሁለት ከፍለው ግማሹን ወደ ቁመቱ፣ ግማሹን ወደ አግድሙ እየሄዱ ይበትኑ። ከሁለትና ሦስት እንዲህ ካለ ቦታ በኋላ እጅ ራሱ ይለምደዋል፣ ገመዱም አያስፈልግም። በአንድ አቅጣጫ ብቻ የበተነ ሰው ማሳው ከሁለት ሳምንት በኋላ ጥቁርና ቢጫ መስመር እየሆነ ያሳጣዋል።

የቢቸናው (ጥያቄ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ሒሳቡን ለአባቴ በስልክ አንብቤላቸው ዝም ብለው ሰሙኝ፤ ይህ ለእርሳቸው ብዙ ነው። ነገር ግን «መሬቱ ለምዷል» የሚለውን ቃል አልተዉትም። በልጅነታቸው ያለ ማዳበሪያ ከዚሁ ማሳ የተሻለ ያገኙ እንደነበር ይናገራሉ። ይህ እንዴት ሊሆን ይችላል? ሌላው ደግሞ፣ የልማት ሠራተኛው በመስመር እንድንዘራ መክሮን ነበር። በዚህ መንገድ ዩሪያውን ከዘሩ ጋር በአንድ መስመር ውስጥ ማድረግ ይቻላል?

የደብረ ወርቋ (መልስ)

ወንድሜ፣ አባትህን አትከራከራቸው፤ ያዩትን ነው የሚናገሩት። እኔም በዚያው አካባቢ ተወልጄ ስላደግሁ በልጅነቴ ምን እንደነበረ አውቃለሁ። ጤፍ ከተዘራበት በኋላ በማግሥቱ ዓመት ሽንብራ ወይም ጓያ ይገባበት ነበር፤ በመስከረም ዝናቡ ጋብ ሲል ይዘራል፣ በዋልካው ውስጥ በቀረው እርጥበት ይደርሳል። እነዚህ ሰብሎች በሥራቸው ላይ ባሉት ትናንሽ እባጮች ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ከአየር ናይትሮጅን ስለሚይዙ፣ በሚቀጥለው ዓመት ለሚዘራው ጤፍ ጥቂት ይተዉለታል። ከአጨዳ በኋላም ከብቱ ቃርሚያውን ሲበላ ፍጉን እዚያው ይጥል ነበር። ዛሬ መሬቱ ስለጠበበ ጤፍ በጤፍ ላይ ይደጋገማል፤ ጭዱ ለከብትና ለግድግዳ ምርጊት ይሄዳል፣ ፍጉ ኩበት ሆኖ ይነዳል። ከማሳው ሁሉም ነገር ይወጣል፤ የሚገባው ከከረጢት የሚመጣው ብቻ ነው። እንግዲህ መሬቱ «ለምዶ» ሳይሆን የራሱ ስንቅ አልቆበት ነው የሚለምነው። በዩሪያ ናይትሮጅኑ ይተካል፤ ኮምፖስት የሚሰጠውን ልስላሴና ውሃን የማሳለፍ ጠባይ ግን ዩሪያ አይሰጥም።

አንዳንዶች ይህን ሰምተው «እንግዲያው ዩሪያ ይቅርና ኮምፖስት ብቻ ይሁን» ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ጥሩ ኮምፖስት ያለው ናይትሮጅን ብዙ ጊዜ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ገደማ ነው፤ እርሱም ቀስ እያለ ነው የሚለቀቀው። ለአንድ ሄክታር የሚበቃውን ማን ተሸክሞ ይወጣዋል? እኛ ቤት በዓመት የምናገኘው ለአንድ ቃዳ እንኳ በቅጡ አይበቃም። ስለዚህ ያለችውን ሁሉ ውሃ ለሚተኛበት ለታችኛው ቃዳ እሰጥና በዚያ ላይ ዩሪያውን ቀነስ አደርጋለሁ። ከአራቱ ቃዳ አንዱን በየዓመቱ እያዞራችሁ ሽንብራ ብታደርጉበት ደግሞ አባትህም ደስ ይላቸዋል፤ የሽንብራ እሸት የማይወድ የለም።

አፈርና ሰብል (መልስ)

እኅታችን ከተናገሩት ላይ የምቀንሰው የለኝም። የምጨምረው አንድ ነገር ነው፦ ዩሪያና ሌሎች የአሞኒየም ማዳበሪያዎች ለዓመታት ብቻቸውን ሲደጋገሙ፣ ወደ ናይትሬት በሚለወጡበት ጊዜ አፈሩን ወደ ኮምጣጣነት ይገፉታል። ይህ በዋልካ ላይ ቶሎ የሚያሠጋ አይደለም፤ ዋልካው ራሱን የመከላከል አቅም አለው። በአዊና በወለጋ ደጋ ባለው ቀይ አፈር ላይ ግን ገበሬው ማዳበሪያ እየጨመረ ምርቱ አልንቀሳቀስ የሚለው ብዙ ጊዜ ከአፈሩ ኮምጣጣነት የተነሣ ስለሆነ፣ በዚያ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ኖራ ነው።

በመስመር መዝራትን በተመለከተ፣ ዩሪያን ከጤፍ ዘር ጋር በአንድ መስመር ውስጥ አያድርጉ። የጤፍ ፍሬ እጅግ ትንሽ ናት፤ ከጎኗ የሚለቀቀው አሞኒያ ሳትበቅል ያቃጥላታል። ኤን ፒ ኤሱም ቢሆን ከዘሩ በትንሽ አፈር ቢለይ ይመረጣል። ስለ መስመሩ ራሱ የእኔ አስተያየት ብዙዎችን አያስደስትም፦ በቂ የሰው ጉልበት ያለው ቤተሰብ በመስመር ቢዘራ ተክሉ ብርሃንና ቦታ ስለሚያገኝ ግንዱ ይጠነክራል፣ የዘሩም መጠን በጣም ይቀንሳል፤ ነገር ግን እርጥብ ዋልካ ላይ አንድ ሄክታር በመስመር መዝራት ለሁለት ሽማግሌዎች የሚሆን ሥራ አይደለም። ዘሩን ቀነስ አድርጎ በጥንቃቄ መበተንና ዩሪያውን በሰዓቱ መስጠት ይበልጣል። የዘሩ ዓይነት ምን እንደሆነ አልነገሩንም። ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ ብዙ ገበሬ የያዘው ቁንጮ ጥሩ ምርት ይሰጣል፤ ይሁንና ከመጠን በላይ ናይትሮጅን ካገኘ እርሱም ይጋሸባል።

ሌላም ልለምንዎ፦ ዘንድሮ ከማሳው መካከል ሦስት እርምጃ ስፋት ያላት መስመር ያለ ዩሪያ ይተዉ፤ በአራቱም ጫፍ ካስማ ይትከሉባት። በአጨዳ ጊዜ እርሷንና ከጎኗ ያለውን እኩል ስፋት ያለው ቦታ ለየብቻ አጭደው ለየብቻ ይውቁና ይመዝኑ። የዩሪያው ዋጋ ተመልሷል ወይስ አልተመለሰም የሚለውን ከእኔ ይልቅ እርሷ በትክክል ትነግርዎታለች።

የእንስሳት ሐኪሙ (መልስ)

ከርዕሱ ብዙ ሳልወጣ አንድ ማስጠንቀቂያ ላክልበት። ዩሪያ የተቀመጠበትን ክፍል ከከብት ይለዩት፤ ከረጢቱንም ከመሬት ከፍ አድርገው በእንጨት ላይ ያስቀምጡት፣ እርጥበት ስለሚስብ ይጓጉላል። ባዶውን ከረጢት አጥበው ውሃውን ከብት በሚጠጣበት ገንዳ አጠገብ የደፉ ሰዎች በሬያቸውን ሲያጡ አይቻለሁ። ጨው ጨው ስለሚለው ከብቱ ይልሰዋል፤ ከዚያ በግማሽ ሰዓት ወይም በአንድ ሰዓት ውስጥ ይንቀጠቀጣል፣ አረፋ ይደፍቃል፣ ሆዱ ይነፋል። ሐኪም እስኪደርስ ድረስ ብዙ ቀዝቃዛ ውሃና አቼቶ ማጠጣት ሊያተርፈው ይችላል፤ ነገር ግን ጊዜው አጭር ነው።

የቢቸናው

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቅዳሜና እሁድ ወደ አገር ቤት ሄጄ ከአባቴ ጋር በማሳው ላይ ዞርን። የታችኛውን ቃዳ በእግራችን ስንለካው ውሃው የሚያመልጠው በአንድ ጥግ ብቻ መሆኑን አየን፤ ያም ጥግ የጎረቤት አጥር ስላለበት አግድም ቦይ ለማውጣት ከሰውየው ጋር መነጋገር ነበረብን፤ እርሱም ቦዩ እስከ እርሱ ግጦሽ እንዲቀጥልለት በመጠየቅ ተስማማ። ጣሳውንም አስመዝነን ምልክት አድርገንበታል። 450 ግራሙ አባቴ በግምት «አንድ እፍኝ ከምናምን» ይሉት ከነበረው በጣም ያነሰ ስለሆነ ሚዛኑን ሁለት ጊዜ አስደገሙት።

በመጨረሻ የደረስንበት ስምምነት እንዲህ ነው፦ ሁለቱ የታችኛዎቹ ቃዳዎች እዚህ እንደተመከረው ይደረጋሉ፤ ያለ ዩሪያ የምትቀረውም መስመር እዚያው ትሆናለች። የላይኛዎቹን ሁለቱን ግን አባቴ «እነዚህ የእኔ ናቸው፤ በኅዳር እንተያያለን» ብለው ለራሳቸው አስቀርተዋል።